ባዶ እግር ሩጫ ለጀማሪ፦ ከ1 ደቂቃ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት እስኪደርስ

ባዶ እግር ሩጫ ላይ ሰው የሚጎዳው ቀሎት ስለሚያገኘው ነው። ከባድ ቢሆንማ ማን በሶስተኛው ሳምንት 5 ኪሎሜትር ይሮጣል? እኔ ሮጫለሁ፣ ይሄን የምጽፈውም ለዛ ነው። በጫማ 10 ኪሎሜትር ያለ ችግር እሮጥ ስለነበር ትንፋሹም አቅሙም አለኝ፣ ባዶ እግሬን ደሞ ለሶስት ሳምንት በትንሽ በትንሹ ስሞክር ምንም አላለኝም፣ እንደውም ቅልል ብሎኝ ነበር፣ በቃ አንድ ቀን ጠዋት ዛሬስ አላቆምም ብዬ ለቀቅኩት። የዛን ቀን ምንም የለም። በነጋታው ባቴ እንደ ድንጋይ ተወጥሮ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ በጎን በጎን ነው፣ ይሄማ የሚጠበቅ ነው ብዬ ሳቅኩ። በሶስተኛው ቀን ግን የቀኝ እግሬ ላይ፣ ጫማ ክር የሚታሰርበት በኩል፣ ከሁለተኛውና ከሶስተኛው ጣት ትንሽ ከፍ ብላ አንዲት ነጥብ ተገኘች፣ በጣቴ ስነካት ዘልዬ ነው የተነሳሁት። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም አይታይም ተባልኩ። እንዲህ አይነት ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል የገባኝ ቆይቶ ነው። ብቻ 6 ሳምንት ሩጫ የሚባል ነገር ቀረ።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። ልብና ሳንባ በጫማም ሰልጥነዋል፣ ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አንድ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንት አለው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 52፣ ይሄ ከጠቅላላው የሰውነት አጥንት ሩቡ ነው። እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች ስንት አመት ወፍራም ሶል ላይ ተንደላቀው ኖረው ድንገት ስራ ሲበዛባቸው ራሳቸውን ማጠናከር ይጀምራሉ፣ ግን አጥንት ሲጠናከር አሮጌው ክፍል መጀመሪያ ይፈርስና ነው አዲሱ የሚገነባው፣ ስለዚህ መሃል ላይ ለተወሰነ ሳምንት ከበፊቱም ሳሳ የሚልበት ጊዜ አለ። እና ያ ጊዜ የሚመጣው መቼ መሰላችሁ፣ ልክ እናንተ "አሁንማ ለመድኩት" በምትሉበት ሶስተኛው አራተኛው ሳምንት አካባቢ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ልምድ ያላቸውን ሯጮች ወስዶ ግማሽ ያህሎቹን ጣት ጣት ወዳለውና ሶሉ ስስ ወደሆነው ቪብራም ጫማ ቀስ በቀስ በ10 ሳምንት እንዲሸጋገሩ አድርጎ እግራቸውን ኤምአርአይ ሲያነሳቸው ከተሸጋገሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አጥንታቸው ውስጥ ፈሳሽ መቋጠር ጀምሮ ነበር። ይሄ የስንጥቅ መንደርደሪያ ነው። ሯጮች ናቸው፣ ፕሮግራምም ተሰጥቷቸዋል፣ ግን 10 ሳምንት አልበቃም።

አበበ ቢቂላስ የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸንፏል። ግን ከሮም በፊትም ባዶ እግሩን ሲለማመድ የነበረ ሰው ነው፣ ለውድድሩ ብሎ የዛን ቀን አላወለቀም። ደሞ ከ4 አመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገብቷል፣ ያውም የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ከተደረገለት ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆይቶ። ስለዚህ ባዶ እግር ፈጣን ያደርጋል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ጉዳት ያስቀራል ብላችሁም አትጀምሩ። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጭነቱን ማዛወር ነው፣ ከጉልበት ላይ ቀንሶ ባትና እግር ላይ ይጭናል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሊወደው ይችላል፣ የተረከዙ ጅማት የሚያመው ሰው ግን መከራውን ነው የሚያየው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስኳር ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ይሄን ነገር ይተወው፣ እውነቴን ነው፣ መርገጡን እንጂ መወጋቱን የማያውቅ እግር በባዶ አይሮጥም። አሁን የሚያማችሁ እግር ካለ መጀመሪያ ይዳን። የቴታነስ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ ከሆነ አድሱት። በቃ ይሄው ነው።

ሁለት ሳምንት ያለ ሩጫ

ይሄን ክፍል ሁሉም ይዘለዋል፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። ቤት ስትገቡ ጫማውንም ካልሲውንም አውልቁና ስትሰሩ፣ ስልክ ስታወሩ፣ ምናምን ባዶ እግራችሁን ሁኑ። ከዛ በቀን 10 ደቂቃ ውጪ ወጥታችሁ ባዶ እግር ተራመዱ፣ ሩጫ የለም። መጀመሪያ መሬቱ በሙሉ የሚወጋ ይመስላል፣ አንዷ ጠጠር ትከሻችሁን እስከ ጆሮ ታስነሳችኋለች፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያችው ጠጠር ላይ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ቆዳው ገና አልጠነከረም፣ እግሩ ነው መርገጥ የተማረው።

ጎን ለጎን ሁለት ነገር ስሩ። አንዱ ጣት ማዘዝ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አውራ ጣታችሁን ብቻ አንሱ ሌሎቹ መሬት ላይ ይቅሩ፣ ቀጥሎ ገልብጡት፣ አራቱ ይነሱ አውራ ጣት ይቅር። መጀመሪያ ቀን እግሬን አፍጥጬ እያየሁ እያዘዝኩት አልሰማ አለኝ፣ የሰው እግር ነው የሚመስለው። በአምስት ስድስት ቀን ግን እሺ ይላል። ሁለተኛው በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ ነው፣ ሚዛን ለመጠበቅ ግድግዳ በጣት መንካት ይፈቀዳል መደገፍ ግን አይቻልም። በአንዱ እግር 25 ጊዜ፣ በሌላውም 25 ጊዜ ያለ እረፍት እስክትሰሩ ድረስ ሩጫ አትጀምሩ። 12 ላይ ባታችሁ ከተንቀጠቀጠ ገና ነው፣ ሁለት ሳምንቱ አራት ይሁን።

የት ይሮጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳር ላይ ጀምሩ ይላችኋል፣ ለስለስ ስለሚል። እኔ አልስማማም። ሳር ስር ምን እንዳለ አይታይም፣ ጉድጓዱ፣ እሾሁ፣ ስብርባሪ ጠርሙሱ ሁሉ እዛ ነው የሚደበቀው፣ ከዛ ደሞ ለስላሳ ስለሆነ በተረከዝ እየደበደባችሁ እንኳን አያሳውቃችሁም። ደረቅ አሸዋ ይብሳል፣ ተረከዝ እየሰመጠ የኋላውን ጅማት ይለጥጠዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ጠንካራ፣ ልሙጥና ንጹህ ነገር ነው፣ በደንብ የተጠረገ አስፋልት ወይ ሲሚንቶ። ጠንካራ መሬት አይዋሽም፣ ስትሳሳቱ እዛው ያማችኋል። ቀትር ላይ ብቻ አትውጡ፣ የጋለ አስፋልት ውስጥ እግር ይልጣል፣ ዝናብ ሲዘንብም ይቅርባችሁ ምክንያቱም እርጥብ ቆዳ ቶሎ ነው የሚላጠው።

ሌላው ጥያቄ ሶሉ ስስ በሆነ ቀጭን ጫማ ነው ወይስ በእውነተኛ ባዶ እግር የሚጀመረው የሚለው ነው። በባዶ። ምክንያቱም የውስጥ እግር ቆዳ ፍሬን ነው፣ አጥንቱ ሳይጎዳ በፊት እሱ ቀድሞ በቃኝ ይላል። ቀጭን ጫማ ስታደርጉ ፍሬኑን ነቀላችሁት ማለት ነው፣ ቆዳው ዝም ይላል፣ እናንተም ትቀጥላላችሁ፣ አጥንቱ ደሞ ድምጽ የለውም። የኔዋ የ5 ኪሎሜትር ጉድ ራሱ የተሰራችው በቀጭን ጫማ ነው፣ የዛን ቀን ጠዋት ቆዳዬ ቆጠቆጠኝ ብዬ አጠለቅኩት እንጂ በባዶ ቢሆን 2 ኪሎሜትርም አልደርስም ነበር።

የመጀመሪያው ሩጫ

1 ደቂቃ ነው። ቀልድ አይደለም። 10 ደቂቃ በእግር ሂዱ፣ ሰውነት ይሙቅ፣ አውልቁ፣ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ጫማ አድርጉ። የለመዳችሁት የጫማ ሩጫ ካለ ከዛ በኋላ ቀጥሉት፣ እሱን ማቆም አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ ግን ባዶው መጀመሪያ ነው፣ እግር ሲደክም አረማመድ ይበላሻል።

መጀመሪያው ሳምንት 1 ደቂቃ፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ 3 ጊዜ። ሁለተኛው ሳምንት 2 ደቂቃ፣ ሶስተኛው 3። አራተኛው ሳምንት ላይ አትጨምሩ፣ እንደውም ወደ 2 ተመለሱ፣ ያ አጥንት የሚሳሳበት ጊዜ ስለሆነ። ከዛ 4፣ 5፣ 6 እያላችሁ ሂዱና ስምንተኛው ሳምንት ላይ እንደገና ወደ 4 ዝቅ በሉ። እንዲህ ሶስት ሳምንት ወደ ላይ አንድ ሳምንት ወደ ታች እያላችሁ በሶስተኛው ወር መጨረሻ 10 ደቂቃ ግድም ትደርሳላችሁ፣ ከዛ በኋላ በሳምንት ሁለት ሁለት ደቂቃ መጨመር ይቻላል፣ የማረፊያው ሳምንት ግን አይቀርም። ግማሽ ሰዓት ስድስተኛው ወር ላይ ነው፣ ሰባተኛም ቢሆን ምን አለበት። በጣም ዘገየ የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ በአቋራጭ ሄጄ 6 ሳምንት ተቀምጬ እንደገና ከ1 ደቂቃ ነው የጀመርኩት።

እግር እንዴት ያርፋል

የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በተረከዝ ሳይሆን በፊተኛው የእግር ክፍል፣ ማለትም ከጣቶቹ ስር ባለው ስጋማ ቦታ፣ ወይ ደሞ በመሃል እንደሚያርፉ አሳይተዋል፣ እንደዛ ሲያርፉ ደሞ በተረከዝ ስናርፍ የሚመጣው ድንገተኛ ምት አይኖርም። ይሄን ያነበበ ጀማሪ ምን ያደርጋል፣ እንደ ባሌት ጣቱ ላይ ወጥቶ ይሮጣል። ስህተት ነው። ፊተኛው ይንካ፣ ወዲያው ተረከዙም ቀስ ብሎ መሬት ይሳም፣ ከዛ ይነሳ። ተረከዝ አየር ላይ ከቀረ ክብደቱን በሙሉ ባት ነው የሚሸከመው፣ ባት ሲደክም ደሞ ጅማቱ ይቃጠላል።

ሌላው ሁሉ ከአንድ ነገር ነው የሚመጣው፣ አጭር እርምጃ። እግራችሁ ከፊታችሁ ሩቅ ሄዶ ሳይሆን ከስራችሁ ነው ማረፍ ያለበት፣ ጉልበትም ትንሽ ይታጠፍ። ይሄን በሃሳብ ለማስተካከል አትሞክሩ፣ ቁጠሩ። ስልክ ላይ 30 ሰከንድ ሙሉና ቀኝ እግራችሁ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ቁጠሩ፣ 43 እስከ 45 ከሆነ ጥሩ ነው፣ በደቂቃ በሁለቱም እግር ከ172 እስከ 180 ማለት ነው። 38 ከሆነ እርምጃችሁ ረዝሟል፣ ፍጥነት ሳትጨምሩ ቶሎ ቶሎ አንሱት። መሬቱን አትግፉት፣ እግራችሁን ዝም ብላችሁ አንሱ፣ የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ፣ የጆሮ ማዳመጫ ይቅር። ጥሩ ሩጫ ቸብ ቸብ የሚል ቀለል ያለ ድምጽ ነው ያለው፣ ጧ ጧ ካለ በሙሉ እግር እየተጠፈጠፈ ነው፣ ዱብ ዱብ ካለ ተረከዝ ነው።

ሩጫው ሲያልቅ ቁጭ በሉና ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩት፣ ይሄን የነገረኝ ሰው የለም፣ ራሴ ነው የደረስኩበት፣ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ጠቅሞኛል። አስፋልቱ አቧራ ካለው ውስጥ እግር ግራጫ ይሆናል። ግራጫው ከጣት ስር እስከ ተረከዝ እኩል ከተቀባ ጥሩ ሮጣችኋል። መሃሉ ላይ አንድ ቦታ ንጹህ ሆኖ፣ ቀልቶና አብረቅርቆ ካያችሁት ግን ቆዳው እዛ ጋር እየተፋቀ ነው ማለት ነው። የኔ የሚያብረቀርቀው የአውራ ጣት ጫፍ ነበር፣ መሬቱን እየገፋሁ ነበራ። ከጣቶቹ ስር ባለው ስጋ መሃል ላይ ከሆነ እግራችሁ መሬት ነክቶ እየተጠማዘዘ ነው፣ ተረከዝ ጫፍ ላይ ከሆነ እርምጃው ረዝሟል። ውሃ የሚቋጥረውም እዛው ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሳይቋጥር በፊት ታውቁታላችሁ። ከቋጠረ አታፍርጡት፣ እስኪደርቅ ሁለት ሶስት ቀን ጠብቁ።

የትኛው ህመም ጤነኛ ነው

ሁለቱም ባት እኩል ከተወጠረ፣ ስትነኩት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ከሆነና በሁለት ሶስት ቀን ከለቀቀ፣ ጡንቻ ነው፣ ግድ የለም። ሳይለቅ ግን አትሩጡ፣ ፕሮግራሙ ዛሬ ቢልም።

ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ ከተረከዝ በላይ ያለው የኋላ ጅማት ደርቆ ካነከሳችሁና ትንሽ ስትራመዱ ከለቀቀ፣ ወይ የመጀመሪያዋ እርምጃ ላይ ከተረከዝ ስር እንደ ሚስማር ከወጋችሁ፣ ጅማት ነው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ተዉትና ስትመለሱ ከነበራችሁበት ግማሹን ሩጡ። ስትራመዱ ስለለቀቀ ድኛለሁ ማለት አይደለም፣ የጅማት ተንኮሉ እሱ ነው።

በአንድ እግር ብቻ፣ በአንድ ጣት ልትሸፍኗት በምትችሉት ቦታ፣ በተለይ እግር ላይ ከጣቶች ከፍ ብሎ ስትጫኑት ስል ህመም ካለ ግን ማቆም ነው። መሮጥ ብቻ ሳይሆን ባዶ እግር መራመድም ይቅር፣ ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ አድርጉና ሀኪም ጋ ሂዱ፣ ራጁ ባዶ ሆኖ ህመሙ ከቀጠለም ተመልሳችሁ ሂዱ። ከእያንዳንዱ ሩጫ በነጋታው ጠዋት ከጣቶቹ ከፍ ብለው ያሉትን አምስት ረጃጅም አጥንቶች አንድ በአንድ በአውራ ጣት ጫን እያላችሁ የመፈተሽ ልምድ ይኑራችሁ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሁንም ካልሲ ከማድረጌ በፊት እፈትሻለሁ።

ቆሻሻ፣ እሾህና ሰው

አይናችሁ ከፊታችሁ 3 እና 4 ሜትር ላይ ይሁን፣ እግራችሁ ስር አይደለም። ጠርሙስ እንደሚፈራው ብዙ አይገጥምም፣ ሲገጥምም ብዙውን ጊዜ ያብለጨልጫልና ይታያል፣ የሚያስቸግረው ቀጫጭን እሾህና የሽቦ ቁራጭ ነው። ቤት ስትገቡ በሳሙና ታጠቡ፣ ጣት ለጣት መሃሉን አድርቁ፣ የሚቆጠቁጥ ነገር ካለ በወረንጦ በመብራት ስር አውጡት፣ ነገ ይወጣል አትበሉ። ቆዳው ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ወፈር ይላል ግን ሰው እንደሚያስበው ተሰነጣጥቆ ቅርፊት አይሆንም፣ እንደ ጥሩ ቆዳ ጫማ ለስላሳና ጠንካራ ይሆናል። ከተሰነጣጠቀ ደርቋል ማለት ነው፣ ማታ ቅባት ቀቡት።

ሰው ደሞ ያያችኋል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። አንድ ሽማግሌ አስቁመው "ልጄ ዘርፈውህ ነው?" ብለውኛል፣ ከልባቸው አዝነው። ሯጭ ነኝ ስላቸው የበለጠ አዘኑ።

ቀጭን ጫማ መቼ

መሬቱ ቆሻሻ ወይ ኮረት ሲሆን፣ ብርድ ሲሆን፣ መንገዱን ሳታውቁት ስትቀሩ። ግን ቢያንስ ያለ ጫማ 10 ደቂቃ ከደረሳችሁ በኋላ። ስትገዙ ሶስት ነገር እዩ፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል ከፍታ ይሁን (የተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል)፣ በእጃችሁ ስትጠቀልሉት ይጠቅለል፣ ፊቱም ሰፊ ይሁን። ስፋቱን ለማወቅ የውስጡን ንጣፍ አውጥታችሁ መሬት ላይ አስቀምጡና ቁሙበት፣ ጣት ከጠርዙ ካለፈ አትግዙት፣ ሻጩ ይለቃል ቢላችሁም። መጀመሪያ ስታደርጉት ደሞ በባዶ ከምትሮጡት ግማሹን ብቻ ሩጡ፣ ፍሬኑ እንደሌለ አትርሱ።

እኔ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በባዶ፣ አንድ ቀን ረጅሙን በጫማ ነው የምሮጠው። በባዶ በምሮጥበት ቀን ጫማዬን ክሩን አስሬ በእጄ ይዤ ነው የምወጣው፣ የሚያብረቀርቀው ቦታ መቆጥቆጥ ሲጀምር 14ኛ ደቂቃም ላይ ብሆን ቁጭ ብዬ አደርገዋለሁ።